የ2 ሜትር የነፋስ ተርባይን በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል?

ጥያቄ (ነፋሻው)

ሰላም ለሁላችሁ። የምላጩ ዲያሜትር 2 ሜትር የሆነ፣ ሻጩ «1000 ዋት» የሚለው ባለ ሦስት ምላጭ ተርባይን ለመግዛት አስቤያለሁ። የቦታው አማካይ የነፋስ ፍጥነት በ10 ሜትር ከፍታ 4 ሜትር በሰከንድ ነው። ዙሪያው አልፎ አልፎ ዛፍና ቤት አለው። ምሰሶው 6 ሜትር፣ ባትሪው 24 ቮልት፣ ከምሰሶው እስከ ባትሪው 40 ሜትር። ሻጩ 1000 ዋትን በ8760 ሰዓት አባዝቶ 30 በመቶውን በመውሰድ በዓመት 2628 ኪሎዋት ሰዓት ይላል። እኔ የምፈልገው በቀን 1.5 ብቻ ነው። ስሌቱ ያስኬዳል?

መልስ (ዋት ቆጣሪ)

አያስኬድም፤ ከስድስት እጥፍ በላይ ተጋኗል።

1000 ዋት የሚለው ራሱ ውሸት ላይሆን ይችላል። የ2 ሜትር ተርባይን በ12 ሜትር በሰከንድ ነፋስ፣ ከነፋሱ ጉልበት 30 በመቶውን ከያዘ፣ 1000 ዋት አካባቢ ይሰጣል። ችግሩ አማካዩ 4 በሆነ ቦታ 12 እና ከዚያ በላይ የሚነፍሰው በዓመት 7 ወይም 8 ሰዓት ያህል ብቻ መሆኑ ነው። 30 በመቶ የሚባለውም ረጅም ምሰሶ ላይ፣ ነፋሻ ቦታ ተመርጦላቸው የሚተከሉ ትልልቅ ተርባይኖች የሚደርሱበት ነው።

ስለዚህ ከዋቱ ሳይሆን ከዲያሜትሩ ይነሱ። ምላጮቹ የሚጠርጉት ስፋት 3.14 ካሬ ሜትር ነው። በባሕር ወለል ከፍታ የአየር እፍግታ 1.225 ስለሆነ፣ የእሱ ግማሽ በስፋቱ ሲባዛ 1.92 ይሆናል። ይህን ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር (4×4×4=64) ሲያባዙት 123 ዋት ያገኛሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ነፋሱ ግማሹን ጊዜ 2፣ ግማሹን ጊዜ 6 ሜትር በሰከንድ ቢነፍስ አማካዩ 4 ነው፤ የጉልበቱ አማካይ ግን 64 ሳይሆን (8+216)÷2=112 ነው። ለተለመደ የነፋስ ሥርጭት ማስተካከያው 1.91 ነው፣ ስለዚህ 123×1.91=235 ዋት። ከዚህ ውስጥ ባትሪ ውስጥ የሚገባው ለትንሽ ተርባይን 20 በመቶ ገደማ ነው (የንድፈ ሐሳቡ ጣሪያ፣ የቤትዝ ወሰን የሚባለው፣ 59.3 በመቶ ነው፤ እዚያ የሚደርስ የለም)። 47 ዋት አማካይ፣ በ8760 ሰዓት 412 ኪሎዋት ሰዓት በዓመት፣ በቀን 1.1።

በሌላ መንገድም ማረጋገጥ ይቻላል። በዚሁ ሥርጭት ከ3 በታች የሚነፍስበት ጊዜ በዓመት 3100 ሰዓት ያህል ነው፤ ምንም አይገኝም። ቀሪው እንዲህ ነው፦

ከ3 እስከ 5፦ 3064 ሰዓት × 30 ዋት = 92
ከ5 እስከ 7፦ 1777 × 110 = 195
ከ7 እስከ 9፦ 626 × 275 = 172
ከ9 እስከ 11፦ 141 × 540 = 76
ከ11 በላይ፦ 23 × 900 = 21

ድምሩ 556 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ይህ ከጄኔሬተሩ የሚወጣው ነው። ለሬክቲፋየር (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ባትሪ ወደሚቀበለው ቀጥተኛ የሚቀይረው ዕቃ) እና ለኬብል 10 በመቶ፣ ለባትሪ 15 በመቶ ሲቀነስ 425 ይቀራል፣ ከላይኛው ጋር ይቀራረባል። የሻጩን የኃይል ኩርባ (በየፍጥነቱ ስንት ዋት እንደሚሰጥ የሚያሳየውን ሥዕል) ካገኙ የዋቶቹን ቁጥሮች በእሱ ይተኩ።

ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ከሆነ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ሁሉንም በ0.82 ያባዙት።

መልስ (ምሰሶ ይቅደም)

ከላይ ያለው ስሌት ልክ ነው፣ ግን 10 ሜትር ላይ ለተተከለ ተርባይን ነው። ወንድሜ፣ ያንተ ምሰሶ 6 ሜትር ነው። ዛፍና ቤት ላለበት ቦታ የከፍታ መጠቆሚያውን (ፍጥነቱ ከከፍታ ጋር እንዴት እንደሚጨምር የሚያሳየውን፣ የከፍታዎቹ ንፅፅር የሚነሳበትን ኃይል ቁጥር) 0.25 ውሰድ (ለገላጣ ሜዳ 0.14 ነው)። ፍጥነቱ ወደ 3.5 ይወርዳል፣ ዓመታዊው ኃይል ደግሞ ወደ 280። ምሰሶውን 18 ሜትር ብታደርገው 4.6 ሜትር በሰከንድና 640 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ተርባይኑ ያው ነው፣ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው።

የተለመደው መመሪያ የታችኛው የምላጭ ጫፍ በ150 ሜትር ዙሪያ ካለው ነገር ሁሉ ቢያንስ 10 ሜትር ይብለጥ ይላል። በ18 ሜትር ምሰሶ የታችኛው ጫፍ 17 ሜትር ላይ ስለሚሆን፣ ከ7 ሜትር የሚረዝም ዛፍ ካለ 18ም አይበቃም። ከዛፍ ጀርባ ያለው ነፋስ የሚሽከረከር ነው፤ ጭራው ተርባይኑን እያወዛወዘ ኃይሉን ይቀንሳል፣ የምላጩን ሥርና ቤሪንጉን ይጨርሳል። ጣሪያ ላይ መትከልም አልመክርም፣ ንዝረቱ ወደ ቤት ይገባል።

መልስ (ሃያ አራት ቮልት)

ስለ ኬብሉ፦ 1000 ዋት በ24 ቮልት 42 አምፔር ነው። መሄጃና መመለሻው 80 ሜትር ነው፤ በ10 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ 0.14 ኦም። በዚያ ጊዜ 245 ዋት ኬብሉ ላይ ይቀራል። ያስደነግጣል እንጂ ዓመቱን የሚሞላው ከ5 እስከ 9 ያለው ነፋስ ነው፤ በ275 ዋት ብክነቱ 18 ዋት ብቻ ነው። 48 ቮልት የተሻለ ነው፣ ግን ለ24 ተብሎ የተጠመጠመ ጄኔሬተር ላይ ባትሪውን ብቻ አይቀይሩ፤ ማስከፈል የሚጀምርበት ፍጥነት በጣም ከፍ ይልበታል።

ከሁሉ በላይ ተርባይኑን በሚዞርበት ጊዜ ከጭነት (ኃይሉን ከሚወስድለት ነገር) አይለዩት። ባትሪው ሲሞላ ኃይሉ ወደ ማቃጠያ ሬዚስተር (ትርፉን ወደ ሙቀት ወደሚቀይረው) መሄድ አለበት። የሶላር ኮንትሮለር (የባትሪ አሞላል መቆጣጠሪያ) ባትሪ ሲሞላ መስመሩን ስለሚዘጋ ተርባይኑ ጭነት አጥቶ ከልክ በላይ ይፈጥናል፣ ምላጭ እስኪሰበር ድረስ። ፍሬኑ ሦስቱን የጄኔሬተር ሽቦዎች እርስ በርስ ማገናኘት ነው፣ ነፋሱ ለስለስ ሲል።

ነፋሻው

እናመሰግናለን። ምሰሶውን 6 ሜትር ላይ ትቼ ዲያሜትሩን ወደ 3 ሜትር ባሳድግስ?

ዋት ቆጣሪ

ስፋቱ 2.25 እጥፍ ስለሚሆን 280 ወደ 630 ያድጋል፣ ከባለ 18 ሜትሩ ጋር በወረቀት እኩል ነው። በተግባር ግን በተረበሸ ነፋስ ውስጥ ስለሚቆም ያን ያህል አይሰጥም፤ ጥገናውም ይበዛል። እኔ ምሰሶውን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን በሁለቱም አይቀርም። 640 በዓመት ማለት በቀን 1.75 ነው፣ ነገር ግን በ10 ሜትር ከፍታ የሚለካው አማካይ ፍጥነት ከ4 ወደ 3 በሚወርድበት ወር በቀን 0.74 ብቻ ነው። የጎደለውን 0.76 ለመሙላት፣ ፀሐይ በቀን ሙሉ ጉልበቷን ለ4 ሰዓት ያህል በምትሰጥበት ቦታ፣ ባለ 300 ዋት ፓኔል ይበቃል፦ 300×4×0.7=840 ዋት ሰዓት። ለፓኔሉ የራሱ ኮንትሮለር ይኑረው፣ ሁለቱም ባትሪው ላይ ይገናኙ።