እህቴ ከሳዑዲ የላከችው ብር በወንድማችን ስም ሆነ፤ ምን ይሻላል?

የኮዬዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ቢልም ታገሱኝ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው። ታናሽ እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ደመወዟ 1000 ሪያል ነው። ለካርድና ለሳሙና ታስቀርና ሌላውን ትልካለች። ልጇን የማሳድገው እኔ ነኝ። ብሩ የሚገባው ግን በታላቅ ወንድማችን አካውንት ነው፤ አንዳንዴም በሰው በኩል እጅ በእጅ ይመጣል። ስትሄድ «ወንድ ልጅ ይያዘው» ተባለ፣ በዚያው ቀረ። ለልጁ የሚሆን ከእሱ እቀበላለሁ፣ ሲመቸው።

አሁን ኮንትራቷ ሊያልቅ ነው። መመለስ ትፈልጋለች። ወንድሜ ለገጣፎ ዳር ከገበሬ 200 ካሬ ገዝቼላታለሁ ይላል። ያሳየኝ የመንደር ውል ነው፣ ገዢ ተብሎ የተጻፈው የራሱ ስም። ደግሞ «አጥሩ ይታጠር፣ ቤት ይጀመር፣ የቀረውን ላኪ» እያላት ነው። እሷ ጨንቋታል። ልታስቀይመው አትፈልግም፤ የአባታችንን የስኳር መድኃኒት የሚገዛውም እሱ ነው።

መሬቱን በስሟ ማዞር ይቻላል? የሚቀጥለውን ብርስ በምን ትላክ?

ከቤይሩት የመጣሁ

አንጀቴን በላሽው እህቴ። መልሱ ከመምጣቱ በፊት ዛሬውኑ ደውዪላትና ለግንባታ የሚባለውን ብር ታቁም።

እኔ ሊባኖስ ነበርኩ። በ2012 ዓ.ም. አገሩ ሲናጋ ዶላር ጠፋ፣ ደመወዛችን በሊራ ሆነ፣ ሊራው ደግሞ ውሃ ሆነ። አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለው ሄዱ፤ ዓለም ሁሉ አይቶታል። አገሬ ስገባ ቤት ውስጥ ሶፋ አለ፣ ፍሪጅ አለ፣ የወንድሜ ባጃጅ አለ። በእኔ ስም ግን አንድ የባንክ ደብተር የለም። ማንም ሰረቀኝ አልልም። ሁሉም «የቤተሰብ ነው» ይላል። የቤተሰብ የሚባለው ነገር ሲሸጥ ፈራሚው ማን እንደሆነ ግን እናውቃለን።

ሳዑዲም ቢሆን መመለሻሽን አንቺ አትወስኚውም። በከፋላ፣ ማለት በአሠሪ ስፖንሰርነት አሠራር፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ የተያያዘው ከአሠሪው ጋር ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር ስንቱ በለበሰው ልብስ ብቻ ቦሌ ወረደ። ስለዚህ «ስመጣ እናስተካክለዋለን» አትበል።

ጠበቃ ነኝ

የመሬቱን ነገር በግልጽ ልንገርሽ፤ የምትሰሚው ደስ አይልም። በስም የሚዞር ነገር የለም። ካርታ የለማ! በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። ሦስት ምስክር የፈረመበት የመንደር ውል ፍርድ ቤት አያሻግርም።

እዚያ ላይ የሚሠራው ቤት ሁላችን የምናውቀው ጨረቃ ቤት ነው። በ2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ላይ የፈረሱትን ታስታውሻለሽ። የተነሺዎች ካሳ የሚከፈለው ሕጋዊ ይዞታ ላለው ነው። አጥር ላይ የምታፈሰው ብር ቢፈርስ የምትጠይቀው ሰው አይኖርም።

ታዲያ ምን ታድርግ? ሦስት ነገር።

ወንድማችሁ እስከዛሬ የተቀበለው ገንዘብ የእሷ መሆኑን፣ መሬቱንም በእሷ ብር መግዛቱን በጽሑፍ ይመን፣ በምስክር ይፈርም። ይህ ወረቀት መሬቱን ሕጋዊ አያደርገውም። ግን ነገ ገንዘቧን ልጠይቅ ብትል ማስረጃ ይሆናታል።

ሁለተኛ፣ ውክልና ሰጥታው እንደሆነ ጠይቂያት። ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው የሚሰጠው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ አንቀጽ 2205ን እዩ። ወረቀቱ ላይ «ይሽጥ ይለውጥ» የሚል ካለ ታንሳው። ውክልና በፈለገች ጊዜ ይነሳል። ሪያድ ኤምባሲ ወይም ጅዳ ቆንስላ ሄዳ ትፈርማለች፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይገባል። መሻሩን ለእሱም በጽሑፍ ማሳወቅ አትርሱ።

ሦስተኛ፣ ባል አላት? በሕግ የተጋባች ከሆነ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) በትዳር ውስጥ የምታገኘው ገቢ የጋራ ነው። ሪያድ ብትሠራውም ያው ነው። አዋጁ የአዲስ አበባው ነው፤ ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው።

ባንክ ቤት ነው የምሠራው

ብሩ በስሟ ይግባ። ውጭ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የሚከፈት የዲያስፖራ አካውንት አለ፣ በብርም በውጭ ገንዘብም። ፓስፖርቷንና ኢቃማዋን (የመኖሪያ ፈቃዷን) ኮፒ ታድርግና የመረጠችው ባንክ ምን እንደሚፈልግ ትጠይቅ። ለልጁና ለአባታችሁ የሚሆነውን ብቻ ለይታ በአንቺ አካውንት ትላክልሽ።

በሰው እጅ መላክን በተመለከተ፦ ድሮ ምክንያት ነበረው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ ዶላርን 57 ብር አካባቢ ሲገዛ ጥቁር ገበያው ከ100 ብር በላይ ይሰጥ ነበር። ማን ጅል ባንክ ይሄዳል? ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን በሰው የመጣ ብር ደረሰኝ የለውም። ጠበቃው ማስረጃ የሚለው እኮ ይኼው ነው። በባንክ የላከችውን ሁሉ ደረሰኝ በስልኳ ፎቶ አንስታ ላንቺም ትላክልሽ።

የፕሮጀክት ሰው

አንድ ነገር ልጨምር። ትንሽ ትንሽ መላክ ውድ ነው፣ ቋሚ የአገልግሎት ክፍያ ስላለው 300 ሪያል ስትልክ የሚቆረጠው በመቶኛ ይከብዳል። የተባበሩት መንግሥታት አገሮች የመላኪያ ወጪውን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከ3 በመቶ በታች እናወርዳለን ብለው ተስማምተዋል። እስካሁን የዓለም አማካይ ከ6 በመቶ በላይ ነው። የሚጎዱት እንደ እህትሽ ያሉት ናቸው። ሴቶች በአብዛኛው ከወንዶች ያነሰ ያገኛሉ፣ ከገቢያቸው የሚልኩት ድርሻ ግን ከፍ ይላል። ካልቸኮለ የሁለት ወሩን ባንዴ ትላክ።

ጋሼ ከሰንዳፋ

ልጆች፣ ወንድሟን ሌባ አደረጋችሁት እኮ! አባቱን የሚያሳክም ልጅ ነው። በየሰፈሩ ሁሉም ከገበሬ ገዝቶ ነው የገባ፣ እሱም መልካም ያደረገ መስሎት ይሆናል። ልጄ፣ ጠበቃ ከማምጣትሽ በፊት ሽማግሌ አስቀምጪ። እህትና ወንድም ፍርድ ቤት ከቆሙ በኋላ ለቅሶ ላይ እንኳ አይገናኙም።

ከቤይሩት የመጣሁ

ጋሼ፣ ሽማግሌውስ ይሁን። ግን ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወንዶች ሆነው «አንቺ ልጅ ታገሺ» ብለው እንዳይነሱ። አንዲት አክስት ወይም የእድር ሴት ትቀመጥ። ይሄ ልጅ ማሳደግም ሥራ ነው፣ ለኮዬዋ በወር የሚቆረጥላት ነገር እዚያው ይነገር።

የኮዬዋ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ደወልኩላት። ውክልና ሰጥታዋለች፣ ግን ምን እንደሚል አታውቅም፤ ተቻኩላ ነው የፈረመችው። ኮፒው ያለው ወንድሜ ጋ ነው። ብጠይቀው አኮረፈ። በባል በኩል ችግር የለም፣ ከልጁ አባት ጋር አልተጋቡም። እስከዚያ ድረስ ብሩን ጭራሽ ታቁም ወይስ እንዴት?

ጠበቃ ነኝ

ኮፒውን አትለምኚው። የፈረመችበት ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መዝገብ ላይ አለ፣ እዚያ ትጠይቅ። ይዘቱ ቢጠፋ እንኳ «እስከዛሬ የሰጠሁትን ውክልና ሁሉ ሽሬያለሁ» ብላ መፈረም ትችላለች። የአባታችሁ መድኃኒትና የልጁ ወጪ አይቋረጥ፣ በአንቺ በኩል ይምጣ። የአጥሩ ብር ግን እሷው ጋ ይቆይ።