ወንድ ድመቴ አሸዋው ላይ ያምጣል፣ ግን ምንም አይወጣውም። የሆድ ድርቀት ይሆን?

የሁለት ድመት እመቤት (ከምሽቱ 1:40)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ድመቶች አሉኝ። ነብሮ 5 ዓመቱ ነው፤ ወንድ ነው፤ ተኮላሽቷል። ሴቷ ሸጋ ትባላለች፤ እሷ ደህና ናት።

ነብሮ ከጠዋት ጀምሮ የአሸዋ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ያምጣል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ብቻ 11 ጊዜ ቆጠርኩ። አሸዋውን ገልብጬ አየሁት፤ የሱ የሚመስል ነገር የለም። አንዴ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ቁጢጥ ብሎ ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ብልቱን ደግሞ ሲልስ ነው የዋለው። ምግቡን አልነካም።

ድርቀት መሰለኝ። ቤት ውስጥ ምን ልስጠው? እስከ ጠዋት ብጠብቅስ? የምንሄድበት ሐኪም ማታ ይዘጋል።

ቡቺ እና እኔ (1:52)

አይዞሽ። ውሻዬ ቡቺም ሲደርቅበት ልክ እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ውሃ በደንብ ይጠጣ። ሆዱን ቀስ አድርገሽ እሺው። በጣም ካመመው የልጆች ፓራሲታሞል ትንሽ ጠብ አድርጊለት። ጠዋት ይሻለዋል።

የማታ ሰው (1:58)

እህቴ፣ እባክሽ እስከ ጠዋት አትጠብቂ። ሆዱንም አትሺ። ፓራሲታሞልም አትስጪ። ይህን እንዳነበብሽ ማታ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ፈልገሽ ደውዪ። «ወንድ ድመት ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሽንት አልወጣውም» በያቸው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲሰሙ ነገሩ ይገባቸዋል።

እንዴት አወቅሽ ብትዪኝ፣ ዳማ የሚባል ድመት ነበረኝ። ግራጫ ነበር፤ 6 ዓመቱ። እሱም እንዲሁ ሲገባ ሲወጣ ዋለ። እኔም ድርቀት ነው አልኩ። መሽቶ ነበር፣ ነገ እወስደዋለሁ ብዬ ተውኩት። አልጋ ሥር ገብቶ ተደበቀ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አስመለሰው። ከዚያ ማማጡን ተወ፣ ዝም አለ። እኔ ቀለል አለው ብዬ ተኛሁ። ዝም ያለው ግን ስለደከመ ነበር። ጠዋት ሳነሳው ጆሮዎቹና እግሮቹ ቀዝቅዘዋል፤ ፊኛው በሆዱ በኩል እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ሐኪሞቹ ብዙ ሞከሩ። አልተረፈም። ያን ሌሊት እስከ ዛሬ ሰዓት በሰዓት አስታውሰዋለሁ። አንቺ እንዲህ ያለ ሌሊት እንድታሳልፊ አልፈልግም።

ያንቺው ገና እየጮኸ ነው፤ አቅም አለው ማለት ነው። አሁኑኑ ውሰጂው። መያዣ ከሌለሽ ካርቶን ውስጥ ፎጣ አንጥፊ። ጥቂት ጠብታ ሽንት ብታዪም እንዳትመለሺ፤ የዳማም ጠብ ጠብ ይል ነበር።

አራተኛ ዓመት (2:05)

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። የማታ ሰው ያለችው ሁሉ ልክ ነው።

የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጫፉ አካባቢ ደግሞ ይበልጥ ይጠባል። ጥቃቅን ክሪስታል፣ ንፍጥ መሰል ዝቃጭ ወይም እብጠት ሊዘጋው ይችላል። ሽንት መውጫ ሲያጣ ፊኛው ይወጠራል፤ ኩላሊት ማጣራት ያቅተዋል። ፖታሲየም ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ልብ ምቷን የምትስተው በእሱ ነው። ከተዘጋ በኋላ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሆድ ማሸት ደግሞ የተወጠረውን ፊኛ ሊያፈነዳው ይችላል።

ቡቺ እና እኔ፣ በቅንነት እንደጻፍክ አውቃለሁ። ግን ስለ ፓራሲታሞሉ የሚያነቡ ሌሎችም ስላሉ ልናገር። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን በሚገባ አይሰብረውም። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ድዷ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ፊቷ ያብጣል። አንድ ኪኒን አንዲት ድመት ሊገድል ይችላል፤ ለድመት ትንሽ የሚባል መጠን የለውም። ኢቡፕሮፌንም እንዲሁ አደገኛ ነው። ለውሻም ቢሆን ከቤት መድኃኒት ሳጥን አውጥቶ መስጠት ጥሩ አይደለም።

ቡቺ እና እኔ (2:11)

ይቅርታ፣ በእውነት አላወቅኩም ነበር። የጻፍኩትን ተዪው። ሂጂ እህቴ።

የሁለት ድመት እመቤት (2:14)

ደወልኩ። አሁኑኑ አምጪው አሉኝ። እየወጣሁ ነው።

የሁለት ድመት እመቤት (በማግስቱ፣ ከጠዋቱ 4:20)

ተዘግቶ ነበር። ሐኪሟ ሆዱን በጣቷ ነካ አድርጋ ወዲያው ወደ ውስጥ ይዛው ገባች። ደሙን መረመሩ፣ ግሉኮስ ሰቀሉለት፣ አደንዝዘው በቀጭን ቱቦ ከፈቱት። የወጣው ሽንት ደም የተቀላቀለበት ነበር። ቱቦው 2 ቀን ይቆያል፤ እዚያው ይተኛል። ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ ነበር፤ አሁን እየወረደ ነው። እስከ ጠዋት ብጠብቅ ምን ይሆን ነበር አልኳት። አልመለሰችልኝም፤ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

የማታ ሰው፣ የዳማን ነገር ስለነገርሽኝ ምን ልበልሽ? እግዜር ይስጥልኝ።

የማታ ሰው (4:31)

ተመስገን። እያለቀስኩ ነው የምጽፈው።

ቤት ሲገባ አንድ ነገር አደራ። ይህ በሽታ ሊመለስ ይችላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት። አሸዋውን በየቀኑ እያየሽ በሽንት ረጥቦ የተጋገረ ስንት የአሸዋ ጓል እንዳለና ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ ጻፊ። ሁለቱ በአንድ ሳጥን ከተጠቀሙ የማን የማን እንደሆነ አታውቂም፤ ለሱ ለጊዜው ለብቻው ይሁን። ከዚያ በኋላ ለ2 ድመት 3 ሳጥን አድርጊ፤ በተለያየ ቦታ፣ ከምግባቸውም ራቅ አድርገሽ።

አራተኛ ዓመት (4:50)

በጣም ደስ ይላል! ዋናው ነገር ብዙ ውሃ ሰውነቱ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው። ደረቅ ምግብ ብቻ የሚበላ ከሆነ እርጥብ ምግብ ስለመጀመር ሐኪሟን ጠይቂ። የውሃ ሳህን ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጪ፤ አንዳንድ ድመት ሰፊና ጢሙን የማይነካ ሳህን ይመርጣል። ጭንቀትም አንዱ መነሻ ነው። ቤት ውስጥ የተቀየረ ነገር አለ? አዲስ ሰው፣ የዕቃ ዝውውር፣ ከሸጋ ጋር ጠብ?

የሁለት ድመት እመቤት (5:05)

ባለፈው ሳምንት ሶፋውን ቀይረን ነበር። ሥሩ ይተኛበት የነበረውን! አዲሱ ሥር ክፍት ቦታ የለውም። እንዴት አላሰብኩትም? ካርቶን ቆርጬ አንድ መደበቂያ እሠራለታለሁ፤ የድሮውን ጨርቁን እከትበታለሁ።

የሁለት ድመት እመቤት (ከ4 ቀን በኋላ)

ነብሮ ቤት ገባ። ዛሬ 3 ጊዜ ሸና፤ የአሸዋ ጓሎቹ ትልልቅ ናቸው። በላ። ግን ሸጋ እንደ ባዕድ አየችው። ጸጉሯን አቁማ «ፍስስ» አለችበት። አብረው ነው ያደጉት! እሱ ደግሞ ገና ደካማ ነው፤ እንዳትነክሰው ፈራሁ። ምን ላድርግ?

የማታ ሰው

ሽታው ተቀይሮባት ነው። የሕክምና ቤት ሽታ ይዞ ነው የመጣው፤ እሷ በዓይኗ ሳይሆን በአፍንጫዋ ነው የምትለየው። አትቆጫት። ነብሮን ለብቻው ክፍል አስገቢው፤ ሳጥኑም ውሃውም እዚያው ይሁን። እሱ የተኛበትን ጨርቅ ለሷ፣ የሷን ለሱ አቀያይሪ። በሩ ሥር እየተሸታተቱ ሁለቱም ምግባቸውን በየበኩላቸው ይብሉ። «ፍስስ» ማለቷን ስትተው በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጊው።

የሁለት ድመት እመቤት

እሺ። ጨርቁን አሁን ሰጠኋት። አሸተተችው፣ ራቅ አለች፣ ተመልሳ መጥታ ተኛችበት።