እማዬ የፓራታይሮይድ ቀዶ ሕክምና ልታደርግ ነው፤ ምን እንጠብቅ?

ማሂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እማዬን የኩላሊት ጠጠር እየተመላለሰ ሲያስቸግራት ደሟ ታየ፤ ካልሲየሙ ከፍ ብሏል። አንዷ የፓራታይሮይድ እጢ አድጋ ነው ተባልን። በሚቀጥለው ሳምንት ትወጣላታለች። ዘመድ ሁሉ «አንገት ተከፍቶ!» እያለ አስፈራራት። ስንት ቀን ትተኛለች? ድምጿስ? ካልሲየም አለው ብላ ወተትም ትታለች።

ነርሷ፦ ማሂዬ፣ ዘመድ ከእንቅርት ጋር አምታቶት ይሆናል። እነዚህ እጢዎች አንገት ውስጥ ካለው ከታይሮይድ እጢ ጀርባ ያሉ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ናቸው። ብዙ ጊዜ አራት ናቸው። አንዷ ስታድግ ካልሲየም ከአጥንት እየተነሳ ደም ውስጥ ይበዛል፤ ጠጠሩም ከዚያ ይመጣል። ወተት በመተው አይስተካከልም። ሐኪማቸው ካልከለከሏቸው ይጠጡ።

የታመመችው እጢ ቀድማ በምስል ከታየች ቁስሉ ትንሽ ነው፤ አንገት ግርጌ ላይ ከ2 እስከ 4 ሳንቲሜትር። በብዙ ሆስፒታሎች እጢዋ እንደወጣች እዚያው ደም ይቀዳል። እጢዋ የምታመነጨው ሆርሞን በ10 ደቂቃ ውስጥ ከግማሽ በላይ ከወረደ ጥፋተኛዋ ተይዛለች ማለት ነው። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ካልሲየም ብዙ ጊዜ ዝቅ የሚለው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ነው። ከንፈራቸው ዙሪያ ወይም የጣታቸው ጫፍ ከደነዘዘ ለሐኪማቸው ደውሉ፤ ተጨማሪ ካልሲየም ሊያዝዙላቸው ይችላሉ። እጃቸው ከተኮማተረ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። አንገታቸው ካበጠ ወይም መተንፈስ ካቃታቸው ግን 911 ነው። እስኪነጋ አይጠበቅም!

አቤል፦ እኔ አምና ተሠርቻለሁ። ጉሮሮዬን ከርክሮኝ፣ ድምፄም ሻክሮ ነበር፤ ለቀቀኝ። የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ ነው የሚጠነቀቁት፤ ተጎድቶ የሚቀር ጥቂት ሰው ነው። ያማረረኝ የካልሲየም ኪኒኑ ድርቀት ነው። ውኃ በደንብ ይጠጡ።

ማሂ፦ ተባረኩ። የታይሮይድ ኪኒንም ጠዋት ትወስዳለች። ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትጾም አትውልም።

ነርሷ፦ የታይሮይዱንና የካልሲየሙን ኪኒን ቢያንስ 4 ሰዓት አራርቂያቸው። ለጾሙ የንስሐ አባታቸውን አሁኑኑ አነጋግሪ። እሳቸው «ኪኒንሽን ውሰጂ» ካሏቸው ከእኔም ካንቺም በላይ ይሰማሉ።

አቤል፦ የ6 ወሩን የደም ምርመራ እንዳትረሱት። ያኔም ካልሲየሙ ልክ ከሆነ ነው ዳነች የሚባለው።