ቤቱን የነደፍኩ እኔ፣ ወንበሩንና መብራቱንስ?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
ያ ጀማዓ ሰላም ናችሁ? ከተመረቅሁ 4 ዓመት የሆነኝ አርክቴክት ነኝ። ጡረታ ለወጡ አንድ መምህር ቤት ነድፌላቸው ግንባታው ሊያልቅ ነው። የማንበቢያ ክፍሉን መስኮት ጋሼን አስቀምጬ ዓይናቸው የሚያርፍበትን ለክቼ ነው ያወጣሁት፤ የጦሳን ተራራ እያዩ እንዲያነቡ። ባለፈው ሳምንት ልጃቸው ትልቅ ሶፋ ገዝቶ አስገባ። ጋሼ ሲቀመጡበት ሰመጡ፤ ጦሳ ቀረና ሰማይ ብቻ ታያቸው። ማታ ደግሞ ኮርኒሱ ላይ ያለው ብቸኛ አምፖል ከኋላቸው ስለሚውል የራሳቸው ጥላ መጽሐፉን ይሸፍነዋል። «ደህና ነው ልጄ» አሉኝ። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ በ1933 እ.ኤ.አ. ለተጠናቀቀው የፓይሚዮ የሳንባ ሕሙማን ሆስፒታል ወንበሩንም ነድፏል፤ መደገፊያው ያጋደለው ሕመምተኛው እንዲተነፍስ ተብሎ ነው። እኔም ልሞክር ብል ከሙያዬ ወጣሁ ትላላችሁ? ከምንስ ልጀምር?

አናጺው (ኮምቦልቻ)፦
አብሽር ወንድሜ፣ ሞክር። ግን እንጨቱን ሳታውቅ እግር አትሳል። አንድ ጊዜ የቀጭን ወንበር ንድፍ መጣልኝ፤ ባለቤቱ ስለቸኮለ በእርጥብ ባሕር ዛፍ ሠራሁት፤ ክረምቱ ሳይወጣ ተጣሞ አንድ እግሩ መሬት አልነካ አለ። የደረቀ ዋንዛ ፈልግ፤ ለመሥራት ለስላሳ ነው፣ እንደ ባሕር ዛፍም አይጣመምም። መጀመሪያ በተራ ጣውላ አንዱን በሙሉ ልኩ እንሥራና ጋሼ ሳምንት ይቀመጡበት። የሽማግሌ ወንበር ፈተናው መነሳቱ ላይ ነው፤ እጃቸውን የት ተደግፈው እንደሚነሱ እይ።

እናት ዓለም (ወረኢሉ)፦
«ከሙያዬ ወጣሁ» ያልከው አሳዘነኝ። የእናቴ ቤት መደብ ከግድግዳው ጋር በአንድ ጭቃ የተመረገ ነው። ቤቱን የሠሩት ሰው ናቸው ከምድጃው ስንት ክንድ እንደሚርቅ፣ ሽማግሌ የቱ ጋ እንደሚቀመጥ የወሰኑት። አባቶቻችን መቀመጫን ከቤት አልለዩትም።

ሐይቅ ዳር፦
እኔ መብራት ነው የምዘረጋው። ፖል ሄኒንግሰን የሚባል ዴንማርካዊ አርክቴክት በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ባለ ሦስት ሽፋን መብራት ነድፏል፤ አምፖሉ ከየትም ቢታይ ዓይን አይወጋም፣ ብርሃኑም ከሽፋኖቹ እየተንሸራተተ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። ላሜራ የሚቆርጥ ልጅ ካገኘህ ሐሳቡን መውሰድ ትችላለህ፤ ውስጡን ነጭ ቀባው። የኮርኒሱን አምፖል ተወውና ለጋሼ ከግራ ትከሻቸው በላይ የሚንጠለጠል መስመር አውጣ። ቀኝ እጃቸው ሲጽፍ ጥላ አይጥልባቸውም። ግድግዳው ሳይለሰን ቱቦውን ቅበር፤ ኋላ መፈንቀል ያሳዝናል።

የጦሳ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ። ልስኑ ሰኞ ስለሚጀመር ዛሬውኑ ሄጄ የቱቦውን መስመር በጠመኔ አሰመርኩ። ሶፋው ሳሎን ይግባ ብዬ ልጃቸውን አስማማሁ። አናጺው፣ ቅዳሜ ጋሼን ይዤ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ ጣውላውን አዘጋጅልኝ።