አስቸኳይ፦ የኅብረት ስምምነታችን አልቋል፣ አሠሪው ለድርድር አይቀርብም፣ የቅነሳ ደብዳቤ ወጥቷል

ዘጠኝ ለ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሚያውቅ ካለ ቶሎ ይርዳን። የትምህርት ቤታችን የሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪው ጋር የተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ሰኔ 30 አለቀ። ነሐሴ 20 ለድርድር ጠይቀን እስካሁን መልስ የለም። ትናንት ሁለት ደብዳቤ ተለጠፈ። አንደኛው "በበጀት እጥረት ምክንያት" 14 መምህራን ይቀነሳሉ ይላል። ሁለተኛው ከጥቅምት 1 ጀምሮ የቤትና የትራንስፖርት አበል እንደሚቋረጥ ይገልጻል። ዛሬ መስከረም 12 ነው። አባላቱ ሰኞ ክፍል አንገባም እያሉ ነው። ሐሙስ የሥራ አስፈጻሚ ስብሰባ ስላለን ከዚያ በፊት መልሱልን።

ቀይ እስክሪብቶ፦
እህቴ፣ ትምህርት ቤቱ የግል ነው የመንግሥት? አጠቃላይ ሠራተኛው ስንት ነው? መምህራኑን ብቻ ሳይሆን ጥበቃውን፣ ጽዳቱን፣ ቢሮውን ሁሉ ጨምረሽ። ይህ ካልታወቀ የሚሰጥሽ መልስ ሁሉ ግምት ነው።

ጠመኔ፦
ሥራና ክህሎት ቢሮ ሄዳችሁ ክሰሱ። አለቀ።

አንጋፋው፦
ነገሩን ከሥሩ መያዝ ይገባል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 መሠረት የአገልግሎት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀትና ከአሠሪ ጋር በኅብረት የመደራደር መብት አላቸው። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን ስምምነት ቁጥር 87 እና 98 ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም. ነው። ይህ መብት ዛሬ የተገኘ አይደለም፣ ከአሠሪ ቸርነትም የሚለመን አይደለም። የዛሬ ወጣት መምህራን ይህን ሳያነብቡ ወደ ድርድር ጠረጴዛ ስለሚቀርቡ "በጀት የለም" የሚል አንድ ቃል ሲሰሙ አንገታቸውን ይደፋሉ። በመጀመሪያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ከዳር እስከ ዳር አንብቡ፣ ለአባላትም አስረዱ።

ዘጠኝ ለ፦
ጋሼ፣ እናመሰግናለን፣ ግን ሐሙስ ደረሰብን። @ቀይ እስክሪብቶ የግል ነው። መምህራን 86፣ ሌላው 40። የማኅበሩ አባላት 71 ነን።

ሦስተኛ ፔሬድ፦
ለእኔ ያልገባኝ ነገር አለ። የተማሪ ቁጥር ቀንሶ ከሆነ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? መምህራን ማኅበር ደመወዝ ላይ ሲደራደር አላየሁም። የመምህራን ማኅበር ሥራው ሙያ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦
@ሦስተኛ ፔሬድ ሁለት ነገር አንድ ላይ ቀላቀልክ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሚተዳደሩ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይመለከታቸውም። የግል ትምህርት ቤት መምህር ግን በዚሁ አዋጅ ሥር ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ቢያንስ 10 አባል ይዞ መሠረታዊ ማኅበር ይቋቋማል፣ ማኅበሩም በደመወዝ ላይ ይደራደራል። የእነሱ ማኅበር ይህኛው ነው።

የተማሪ ቁጥር መቀነሱን በተመለከተ ጥያቄህ ትክክል ነው፣ እነሱም ሊጠይቁት ይገባል። ግን መልሱን በማስረጃ ማቅረብ ያለበት አሠሪው ነው።

ሚዛን፦
መምህርት፣ ከሁሉ በፊት ቀኑን ተመልከቱ። ጥቅምት 1 በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስለኝም።

በአዋጁ መሠረት ጊዜው ያለፈበትን ስምምነት ለማደስ የሚደረገው ድርድር ስምምነቱ ካበቃበት ቀን አንስቶ በ3 ወር ውስጥ ካልተጠናቀቀ፣ ደመወዝንና ሌሎች ጥቅሞችን የሚመለከቱት ድንጋጌዎች ተፈጻሚ መሆናቸው ይቀራል። ስምምነታችሁ ሰኔ 30 ካበቃ 3 ወሩ መስከረም መጨረሻ ላይ ይሞላል። አሠሪው የማይቀርበው ሥራ በዝቶበት አይደለም፣ ቀኑ እስኪያልፍ እየጠበቀ ነው። ካለፈ በኋላ አበሉን "አቋረጥሁ" ሳይሆን "የሚያስከፍለኝ ድንጋጌ የለም" ይላል።

ጳጉሜን ይቆጠራል አይቆጠርም በሚል ክርክር ላይ ራሳችሁን አትጣሉ። 90 ቀን ብላችሁ ቁጠሩት፦ ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፣ ስለዚህ መስከረም 25 ይደርሳል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት መስከረም 24። ያን ቀን የመጨረሻ ብላችሁ ያዙ።

ሐሙስን አትጠብቁ፣ ነገ ጠዋት ይህን አድርጉ፦

የነሐሴ 20 ደብዳቤ ቅጂ በእጃችሁ ላይ የመዝገብ ቤት ገቢ ቁጥርና ማኅተም አለው? ከሌለው እንዳልተጻፈ ይቆጠርባችኋል። ካለው፣ አሠሪው ጥያቄው በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ ነበረበት፣ ያም ነሐሴ 30 አልፏል። ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፉ። የመጀመሪያውን ቁጥርና ቀን ጥቀሱ፣ የስምምነቱን ረቂቅ አባሪ አድርጉ፣ የድርድር ቀንና ሰዓት ራሳችሁ አቅርቡ፣ ግልባጭ ለሥራና ክህሎት ቢሮ በሉ። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ በፖስታ በአደራ ላኩና ደረሰኙን አስቀምጡ።

ከዚያ በአንድ ገጽ የመሸጋገሪያ ስምምነት አዘጋጁ። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አዲሱ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ የነባሩ ስምምነት የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ድንጋጌዎች ተፈጻሚ ሆነው ይቀጥላሉ። ሌላ ጥያቄ አትጨምሩበት። ጭማሪ ከገባበት አሠሪው "እናጥናው" ብሎ ይዞት ይቀመጣል።

ጠመኔ፦
እኔም ያልኩት ይኸው ነው፣ ቢሮው ጋ ሂዱ።

ሚዛን፦
@ጠመኔ ቢሮው አስማሚ ይመድባል። አስማሚው በ30 ቀን ውስጥ ካላስማማ ሪፖርት ያደርጋል፣ ከዚያ ጉዳዩ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። መንገዱ ትክክል ነው፣ ነገም ይጀመር። ነገር ግን 30 ቀን ከዛሬ ቢቆጠር ጥቅምት 12 ነው። አስማሚ ጋ መሄዳቸው ብቻ የመስከረምን ቀን ያቆምልናል ብለው እንዳይዘናጉ። ሁለቱም በአንድ ላይ ይሂድ።

የሒሳብ ክፍል፦
አሠሪው 10 ቀን ሲባል ወር የሚቆጥር ከሆነ የተደራዳሪ ቡድኑ ውስጥ አንድ የሒሳብ መምህር ይግባ 😀

አሁን ወደ ቁጥሩ። አጠቃላይ ሠራተኛ 86 + 40 = 126። 10 በመቶው 12.6 ነው። 14 ሰው ከዚያ በላይ ስለሆነ ጉዳዩ በአዋጁ አንቀጽ 29 "የሠራተኛ ቅነሳ" ነው። አሠሪው ግን እንደ ተራ ስንብት ሊያስኬደው ወይም ደብዳቤውን 7 እና 7 አድርጎ ከፋፍሎ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ምክንያት ደብዳቤ እንደደረሰው በሠንጠረዥ ያዙ።

ቅነሳ ከሆነ፦ አሠሪው ከማኅበሩ ጋር መመካከር አለበት። ለጥፎ መሄድ ምክክር አይደለም። የተሻለ ክህሎትና ከፍ ያለ የሥራ ውጤት ያላቸው በቅድሚያ ይቆያሉ። እኩል ሲሆኑ ደግሞ የአገልግሎት ዘመናቸው አጭር የሆነው ቀድመው ይቀነሳሉ። "ክህሎትና የሥራ ውጤት በምን ተለካ?" ብላችሁ የ14ቱንም የሥራ አፈጻጸም ነጥብ በጽሑፍ ጠይቁ። ከ14ቱ ውስጥ የማኅበሩ አመራር ወይም ነፍሰ ጡር መምህርት ካለች ለብቻ አንሱት፣ በሕጉ እነሱ የሚቀነሱት ከሁሉም መጨረሻ ነው።

ማስጠንቀቂያ በቅነሳ 2 ወር ነው። ክፍያውን በምሳሌ ላሳይ፣ የራሳችሁን ቁጥር ተኩበት። ደመወዝ 12,000 ብር፣ አገልግሎት 7 ዓመት፣ የቀን ደመወዝ 12,000 ÷ 30 = 400 ብር።
የመጀመሪያው ዓመት፦ 400 × 30 = 12,000
ቀጣዮቹ 6 ዓመታት፣ በየዓመቱ የ12,000 ሲሶ፦ 4,000 × 6 = 24,000
በቅነሳ ምክንያት ተጨማሪ፦ 400 × 60 = 24,000
ድምር 60,000 ብር።

ብዙዎች የሚቀሩት የመጨረሻዋ 60 ቀን ላይ ነው። አሠሪ ምክንያቱን "ቅነሳ" ላለማለት የሚጥረውም ለእሷ ብሎ ነው። የቀን ደመወዝን ለማግኘት የወሩን አንዳንዱ ለ26 አንዳንዱ ለ30 ያካፍላል፣ አካፋዩ በአዲሱ ስምምነት ላይ ተጽፎ ይግባ።

ሦስተኛ ፔሬድ፦
እሺ፣ ግን አሁንም ገንዘብ የሌለው ድርጅት ይህን ሁሉ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?

የሒሳብ ክፍል፦
ለድርድሩ ዋናው ነጥብ ይኸው ነው። በዚያው ምሳሌ የ14 መምህራን የዓመት ወጪ ከአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ ጋር 2,237,760 ብር ነው። ከዚህ ላይ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ደመወዝና ጡረታ 372,960፣ የስንብት ክፍያ 840,000 ሲቀነስ በመጀመሪያው ዓመት የሚተርፈው 1,024,800 ብር ብቻ ነው። ከግማሽ በታች። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ይህን ሒሳብ አይቶት ይሆናል ብላችሁ አታስቡ፣ ብዙ ጊዜ የሚታየው የላይኛው ቁጥር ነው።

ሌላም አለ። 14ቱ መምህራን በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምሩ ከሆነ 350 ክፍለ ጊዜ ባለቤት ያጣል። ለቀሩት 72 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ወደ 5 ይደርሳል፣ 25 የነበረው 30 ሊሆን ነው። ይህም አማካይ ነው። የተቀነሱት ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ ከሆኑ ጫናው የሚወድቀው በእነዚያ ትምህርት ክፍሎች ላይ ነው። በትምህርት ዓይነት ከፍላችሁ ሥሩት።

ስለዚህ በደብዳቤው ላይ እነዚህን ጠይቁ፦ የ3 ዓመት የኦዲት ሪፖርት፣ በክፍል ደረጃ የተማሪ ቁጥር ካለፈው ዓመት ጋር ተነጻጽሮ፣ የደመወዝ ወጪ በሥራ መደብ። አንሰጥም ካሉ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ለወሳኝ ቦርዱ የሚቀርበው ያ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦
በዚህ ላይ አማራጭ ይዛችሁ ግቡ። "አንቀበልም" ብቻ ይዞ የገባ ቡድን ድርድሩን ለአሠሪው ያስረክባል። በራሱ ፈቃድ የለቀቀን መምህር ሳይተኩ መቆየት፣ በፈቃደኝነት መልቀቅ ለሚፈልግ ከሕጉ ከፍ ያለ ክፍያ፣ የተቀነሰ ሰው ለ12 ወር በቅድሚያ የመመለስ መብት። የመጨረሻውን አትተዉት። መስከረም ላይ ቀንሶ ጥር ላይ በአነስተኛ ደመወዝ አዲስ ሰው መቅጠርን የሚዘጋው እሱ ነው።

የ10 ወር ኮንትራትም ሊያቀርቡላችሁ ይችላሉ። መነሻው በአዋጁ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ መቆጠሩ ነው። የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀደው በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው። ክረምት ስለሚዘጋ "ወቅታዊ ሥራ ነው" የሚል ክርክር ይመጣል። መልሳችሁ መምህሩ በክረምትም ደመወዝ ሲከፈለው፣ ፈተና ሲያርምና ተማሪ ሲመዘግብ የቆየበት የደመወዝ መዝገብ ይሁን።

ጠመኔ፦
ሰኞ ክፍል አትግቡ። ሳያዩት አይሰሙም።

ሚዛን፦
እባክሽ መምህርት፣ ይህን ለአባላቱ ዛሬውኑ ንገሪልን። ሰኞ አለመግባት ለአሠሪው የሚሰጥ ስጦታ ነው። የሥራ ማቆም መብት አለ፣ ትምህርት ቤትም ሥራ ማቆም ከተከለከለባቸው እንደ ሆስፒታልና መብራት ካሉት አገልግሎቶች ውስጥ አይደለም። ግን ሥርዓት አለው። በስምምነት ለመጨረስ ጥረት መደረግ አለበት። ከአባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰን አለበት። ከ71 አባላት 48 ሰው መገኘት፣ 48 ከተገኙ 25 ድምፅ ማለት ነው። የፊርማ ዝርዝሩ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ። ከዚያ ምክንያቱን የሚገልጽ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ለአሠሪውና ለቢሮው ይሰጣል። ያለዚህ ክፍል ያልገባ መምህር በግሉ ከሥራ የቀረ ሆኖ ይመዘገባል። ነገ ከ14ቱ ዝርዝር ውስጥ "የሥራ ውጤት ዝቅተኛ" ተብሎ የሚገባውም እሱ ነው።

ዘጠኝ ለ፦
የነሐሴ 20 ደብዳቤ ገቢ ቁጥር አለው፣ አገኘነው። አንድ ጥያቄ፦ ከተደራዳሪዎቻችን ሁለቱ የትምህርት ክፍል ተጠሪ ናቸው። "የሥራ መሪ ናችሁ፣ ማኅበር ውስጥ መግባት አትችሉም" ተባሉ። እናውጣቸው?

አንጋፋው፦
አታውጧቸው፣ ልጄ። የሥራ መሪ የሚያሰኘው መጠሪያው ሳይሆን ሥልጣኑ ነው። የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን አላቸው? የትምህርት ክፍል ተጠሪ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራም ያስተካክላል፣ የፈተና ጥያቄ ይሰበስባል፣ እሱም ያስተምራል። የሥራ መዘርዝራቸውን አውጥታችሁ አያይዙ። ርእሰ መምህርና ምክትሉ ግን ሌላ ናቸው፣ እነሱ ከመካከላችሁ ካሉ ዛሬውኑ ይውጡ። ለድርድር የሚቀርቡ የማኅበር አመራሮች ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንደሚያገኙም አትርሱ፣ የክፍለ ጊዜ መተኪያ አቅዳችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

ወደ ጠረጴዛ ስትቀርቡ መጀመሪያ የድርድሩን ሥነ ሥርዓት ተፈራረሙ፦ ስንት ሰው ከየወገኑ፣ ማን ቃል አቀባይ እንደሆነ፣ ቃለ ጉባኤው በዚያው ቀን እንደሚፈረም፣ ቀጣዩ ቀን ሳይቆረጥ እንደማይነሣ። ቀን ሳይቆርጡ መለያየት የሚያመቸው ጊዜ ለሚጠብቅ ወገን ነው።

ሦስተኛ ፔሬድ፦
የመሠረታዊ ደመወዙስ? መስከረም ካለፈ ደመወዝም ይቀንሳሉ?

ሚዛን፦
በእያንዳንዱ መምህር የቅጥር ወይም የደመወዝ ማስተካከያ ደብዳቤ ላይ የተጻፈው የግል ውሉ አካል ነው፣ አሠሪው ብቻውን ተነሥቶ ሊቀንሰው አይችልም። አደጋ ላይ ያለው በኅብረት ስምምነቱ ላይ ብቻ የሚገኘው ነው። ስለዚህ 71ዱም አባላት ደብዳቤያቸውን ፎቶ አንሥተው ለጸሐፊዋ ይላኩ፣ "የቤት አበል" የሚል በግል ደብዳቤው ላይ ያለውና የሌለው ይለይ። ሐሙስ ስብሰባ ላይ የሚያስፈልገው ይህ ዝርዝር ነው።

የሒሳብ ክፍል፦
የስንብት ደብዳቤ የሚደርሳቸው ሰዎች "ደርሶኛል" ብለው ይፈርሙ፣ "ተስማምቻለሁ" በሚል ላይ ግን አይፈርሙ። ክሊራንስ ላይ "ከድርጅቱ ምንም የምጠይቀው የለም" የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ክፍያው ሳይደርሳቸው አይፈርሙበት። ድርድሩ እየተካሄደ ነው ብለውም አይጠብቁ፦ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር፣ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል። የግል ክሱ የሚቀርበው ለፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው እንጂ ለወሳኝ ቦርዱ አይደለም።

ጠመኔ፦
@ዘጠኝ ለ ሐሙስ ምን ወሰናችሁ? የመሸጋገሪያውን ወረቀት ፈረሙ?