ወፍራም የአደጋ ጊዜ ዕቅድ አለን፣ ያነበበው ግን የለም። ከየት ልጀምር?

ሲስተር_የሌሊት_ተረኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ። በቅርቡ የሆስፒታላችን የአደጋ ዝግጁነት ኮሚቴ ውስጥ አስገብተውኛል። ዕቅድ አለን፣ ያውም ወፍራም፣ ተፈርሞበት ማኅተም ተመቶበት ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። ዎርድ ያሉትን ስጠይቅ ግን ያነበበው ሰው አላገኘሁም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተገልብጦ አርባ ሰው በአንዴ ቢመጣብን፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እምቢ ቢል፣ ማን ምን እንደሚያደርግ በእርግጠኝነት የሚነግረኝ የለም። ኮሚቴው ዕቅዱን እንደ አዲስ እንጻፈው እያለ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ወረቀት ምን ይጨምርልናል እላለሁ። በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ በዝርዝር ጻፉልኝ፣ ስብሰባው ላይ ይዤው ልግባ።

የድንገተኛ_ሐኪም፦
ልክ ነሽ ሲስተር፣ መጻፉ ይቆይ። መጀመሪያ አንድ ነገር ወስኑ። ኃላፊዎቹ ከቤታቸው እስኪደርሱ ድረስ አዛዡ ማነው? የሰው ስም አትጻፉ፣ የሥራ መደብ ጻፉ፣ ምክንያቱም ስሙ የተጻፈው ሰው ዕረፍት ላይ ሊሆን ይችላል። የድንገተኛ ክፍሉ ተረኛ ሐኪም ይሁን የሌሊት ሱፐርቫይዘሯ፣ ብቻ አንድ ሰው ይሁን፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ዕቅዱን የማስጀመር ሥልጣንም ይኑረው። እኔ ባየሁት፣ ጊዜ የሚበላው ሕክምናው ሳይሆን "እገሌ ይፍቀድ" እየተባለ መጠበቁ ነው።

ሁለተኛው በሩ ነው። ብዙ ሰው የተጎዳ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ቀላል ጉዳት ያለው ነው። በእግሩ፣ በታክሲ፣ ባገኘው መኪና ይመጣል። አምቡላንሱ ከባዶቹን ይዞ ሲደርስ አልጋው ተይዞ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ቶኪዮ የምድር ባቡር ውስጥ ሳሪን የተባለ የነርቭ መርዝ ሲለቀቅ፣ ቅዱስ ሉቃስ የሚባለው ሆስፒታል በዚያው ቀን 640 ያህል ሰው ተቀብሏል። አብዛኛው በራሱ መንገድ ነው የመጣው። ልብሳቸው ሳይወልቅና ሳይታጠቡ ስለገቡ መርዙ ከልብሳቸው እየተነነ ብዙ ሠራተኞችንም ነካ። ያም ሆኖ ሆስፒታሉ ሲሠራ አዳራሹና የጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳይቀር የኦክስጅን መስመር ተዘርግቶ ስለነበር ቦታ በማጣት አልተሸነፈም። ይህ ነው ዝግጅት ማለት።

ስለዚህ ትሪያጁ፣ ማለትም ቁስለኞችን በጉዳታቸው ክብደት መለየቱ፣ ከበሩ ውጭ ይሁን፣ ኬሚካል ከተጠረጠረ ልብስ ማውለቁና ማጠቡም እዚያው። ዘዴው ቀላል ይሁን። ስታርት የሚባለው በቀለም የመለያ ዘዴ ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የሚራመድ አረንጓዴ ነው፣ መጠበቅ ይችላል። ትንፋሹ በደቂቃ ከ30 በላይ የሆነ፣ የደም ዝውውሩ የተዳከመ ወይም ቀላል ትእዛዝ መፈጸም ያቃተው ቀይ፣ ማለትም ቅድሚያ የሚሰጠው፣ የቀረው ቢጫ። የአየር መንገዱ ተከፍቶለትም የማይተነፍስ ጥቁር ነው፣ ማለትም የሞተ ወይም የማይተርፍ፣ ጥቁሩን መስጠት ደግሞ ያማል፣ ለዚህም ነው አስቀድሞ በልምምድ እጅ መፍታት ያለበት። የጥበቃ ሠራተኞችንም አሠልጥኑ። በሩን የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ባዮሜዲካል_ነኝ፦
ስለ ጄኔሬተሩ ልናገር። አስነስቶ ድምፁን ሰምቶ ማጥፋት ሙከራ አይባልም። ያለ ጭነት የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በደንብ ስለማያቃጥል ጥላሸት ይይዛል። በወር አንዴ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ፣ ከአቅሙ 30 በመቶ ያላነሰ ጭነት ይሸከም፣ ከዋናው መስመር ወደ ጄኔሬተሩ የሚያዞረው ቼንጅ ኦቨርም አብሮ ይሞከር።

ከዚያ መስመሩን ከነዳጅ ታንከሩ እስከ ቬንቲሌተሩ (የመተንፈሻ ማሽኑ) ሶኬት ድረስ በእግራችሁ ተከተሉት። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2012 በሳንዲ አውሎ ነፋስ ስትመታ የቤልቪው ሆስፒታል ጄኔሬተሮች 13ኛ ፎቅ ላይ ነበሩ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ። ነዳጁን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ግን ምድር ቤት ነበር፣ ውኃ ዋጠው። ሰዎች በደረጃ ላይ ተሰልፈው ነዳጁን እየተቀባበሉ አወጡት። ኤንዋይዩ ላንጎን የተባለው ሌላው የከተማዋ ሆስፒታልም በዚያው ሌሊት ከ300 በላይ ሕሙማን አስወጣ፣ 20ዎቹ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የነበሩ ጨቅላ ሕፃናት ናቸው።

ኦክስጅንን ደግሞ በሲሊንደር ብዛት አትቁጠሩት፣ ስንት በሽተኛ ለስንት ሰዓት ይይዛል ብላችሁ አስሉት። የሲሊንደሩን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተርና መክፈቻ ቁልፉ የት እንዳለ ሌሊት የሚገባው ሁሉ ይወቅ። እያንዳንዱ ቬንቲሌተር ጎን በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው አምቡ ባግ ይሰቀል፣ መሳቢያ ውስጥ አይቆለፍ።

ዎርድ_አስተባባሪ፦
በአንድ ነገር አልስማማም፣ ወረቀትን እንዲህ አትናቁት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው የኮምፒውተር ጥቃት የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሲመታ ብዙዎቹ በብዕርና በወረቀት ነው የሠሩት። የትእዛዝ ቅጽ፣ የላብራቶሪ ቅጽ፣ የስልክ ዝርዝር ታትሞ በየዎርዱ ይቀመጥ። ወፍራሙን ሰነድ ግን ማንም በጭንቅ ሰዓት አይገልጠውም፣ ለየሥራ መደቡ አንዳንድ ገጽ ካርድ አውጡለት።

እሳትም አለ። ሁሉንም በሽተኛ ወደ ግቢ ማውጣት የመጨረሻ አማራጭ ነው። መጀመሪያ እዚያው ፎቅ ላይ ከእሳት መከላከያው በር ወዲያ ወዳለው ክፍል አሻግሩ። ያንን በር በወንበር ከፍቶ የሚተው፣ ቃሬዛ የሚደረድርበት ስንቱ ነው! ነገ ጠዋት ዞር በዪና እዪው። የኦክስጅን ቫልቩን ማን እንደሚዘጋም ይወሰን፣ ምክንያቱም በእሱ የሚተነፍሰው ሰው ሌላ ሲሊንደር ሳይያዝለት ከተዘጋ ሌላ አደጋ ነው።

ሲስተር_የሌሊት_ተረኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቀማችሁኝ። በሮቹን አይቻለሁ፣ ሁለቱ አልጋ ተደግፎባቸዋል፣ እንዲነሣ አስደርጌያለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ በሽተኛ ሳንረብሽ ሌሊት እንዴት እንለማመድ? የእኛ ልምምድ ሁሌ ቀን ነው፣ አስቀድሞም ይነገራል።

የድንገተኛ_ሐኪም፦
ከትንሹ ጀምሩ። ፈረቃ ርክክብ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ውሰዱና "አሁን ሃያ ቁስለኛ በር ላይ አለ" በሉ። ማን ይደውላል? ለማን? የትኛው በሽተኛ ከአልጋ ተነሥቶ ወደ ወንበር ወይም ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል? የደም ክምችቱን ማን ያጣራል? እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድርሻ ይናገር፣ የተንተባተበበት ቦታ ይጻፍ።

ሌላው የስልክ ሙከራ ነው። ሳትናገሩ አንድ ሌሊት ዝርዝሩ ላይ ላሉት ሁሉ ደውሉና በስንት ደቂቃ መድረስ እንደሚችሉ ብቻ ጠይቁ፣ ማንም እንዲመጣ አታድርጉ። ስንቱ ቁጥር እንደማይሠራ ስታዪ ኮሚቴው ቀጥሎ ምን ላይ መሥራት እንዳለበት ክርክር አያስፈልገውም። ውጤቱን እዚሁ ጻፊልን።