የባለቤቴ ቅድመ አያት መዝገብ ላይ የሉም፤ የድሮ የካውንቲ ካርታ ይረዳል?

ፍለጋ ላይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቼ በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፣ አባቴ ነው ያስጠናቸው። በአባታቸው በኩል ግን የሱ ቅድመ አያት ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይላል፣ ይሄ ያንገበግበኛል። ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው፤ ቤተሰቡ የዌስት ቨርጂንያ ሰዎች ናቸው። የቅድመ አያቱ የሞት ምስክር ወረቀት «በ1878 ሚንጎ ካውንቲ ተወለዱ» ይላል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ ካውንቲ ማለት ከስቴት በታች ያለ የአስተዳደር ክልል ነው)። የሚንጎን መዝገብ ብናገላብጥ ስማቸው የለም። የ1880 ሕዝብ ቆጠራ ላይ ደግሞ ሚንጎ የሚባል ካውንቲ ጭራሽ የለም! ከየት እንጀምር?

ካርታ ወዳጅ፦
እህቴ፣ አይዞሽ፣ የምትፈልጉት የተሳሳተ ካውንቲ ውስጥ ነው። ሚንጎ የተቋቋመው በ1895 ከሎጋን ካውንቲ ተቆርሶ ነው። ሰውዬው ሲወለዱ ቦታው ሎጋን ነበር። የሞት ወረቀት ላይ መረጃ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም ዘመድ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚናገረው በራሱ ዘመን የሚያውቀውን ስም ነው። ስለዚህ ልደቱንም የ1880 ቆጠራውንም ሎጋን ላይ ፈልጉ። ቤተሰቡ ከቤቱ ንቅንቅ ሳይል በ1880 ሎጋን፣ በ1900 ሚንጎ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። መሃል ላይ ያለው የ1890 ቆጠራ አብዛኛው የለም፤ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ እሳት አግኝቶታል። ድንበሩ የተቀየረው ልክ በዚህ ክፍተት ስለሆነ ካርታ ሳይዙ መሻገር ከባድ ነው።

ወደ ኋላ ስትሄዱ ደግሞ ተጠንቀቁ። ዌስት ቨርጂንያ ከቨርጂንያ ተለይታ ስቴት የሆነችው በ1863 ነው። የሰውዬው አባት «ቨርጂንያ ተወለደ» ቢባል ከሌላ ቦታ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ቺካጎ ያለው የኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጀው የካውንቲ ድንበሮች አትላስ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ፣ የእያንዳንዱን ካውንቲ ድንበር ለውጥ ከነቀኑ ያሳያል።

ተራራው ሥር፦
ካርታ ወዳጅ ያለው ልክ ነው፣ ግን የካውንቲ ድንበር ብቻውን ቤቱ ድረስ አያደርሳችሁም። በዚያ ተራራማ አገር ሰው የሚሰፍረው በየጅረቱ ሸለቆ ነው፣ የድሮ የመሬት ውሎችም ቦታውን በጅረቱ ስም ነው የሚጠሩት። የጅረቱን ስም ካገኛችሁ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የሚባለውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የድሮ ቶፖግራፊክ ካርታዎች (የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳዩ) አውርዱ፤ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ያሉት በነጻ ይገኛሉ። ጅረቱን በጣት ተከትላችሁ ስትወጡ ቤቶቹን በትንንሽ ጥቁር ነጥብ ታያላችሁ፣ አንዳንዱ ላይ ቤተ ክርስቲያንና መቃብርም አለ። ከዚያ ቆጠራው ላይ ከባለቤትሽ ቤተሰብ በላይና በታች የተጻፉትን ጎረቤቶች ያዙ፣ ቆጣሪው ቤት ለቤት ስለሚሄድ የነሱ ስም በመሬት ውሉ ላይ አዋሳኝ ሆኖ ብቅ ይላል። በነገራችን ላይ የካርታውን ጠርዝ ሳታነቡ አትለፉ። መሬቱ የተቀየሰበትና ካርታው የታተመበት ዓመት ሊራራቅ ይችላል።

ፍለጋ ላይ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዛሬ ማታ ሎጋን ላይ እንቀመጣለን። የመሬት ውሉንስ የት ልጠይቅ? መሬቱ ያለው አሁን ሚንጎ ውስጥ ነው።

ካርታ ወዳጅ፦
ከ1895 በፊት የተፈረመ ከሆነ መጀመሪያ ሎጋን ፍርድ ቤት ጠይቂ። ካውንቲ ሲከፈል የቆየው መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ እናት ካውንቲው ጋ ነው የሚቀረው። ለልደት፣ ለጋብቻና ለሞት ግን እዚያ ድረስ አትልፊ፣ የዌስት ቨርጂንያ አርካይቭ (የስቴቱ ቤተ መዛግብት) ብዙውን በካውንቲ ከፍሎ ድረ ገጹ ላይ በነጻ አስቀምጦታል።